ድንጋይ የሚያሰልፍ ፕሮቲን

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተነስቻለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልተጣላበትም፤ የምተርከው ነገር በመጠን ከጨው ቅንጣት ያንሳል። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል ወይ? አባቴን ስጠይቀው "ለኛ ስትነግሪን አልሰለቸንም፤ ግን እኛ ቤተሰብሽ ነን" አለኝ። ብዙም አላበረታታኝም። ቢሆንም በሕይወቴ አንድን ነገር ጀምሬ እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ያኔ ብቻ ይመስለኛል። ስለዚህ ሳይረሳኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቤታችን ቀጨኔ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ራሱ ወንዝ የሚሆንበት ዳገት ላይ። አባቴ ከሰፈራችን ፒያሳ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። እኔ የደረሰኝ ግቢ እዚያው ጉለሌ ውስጥ ስለነበር ዶርም ሳልገባ ከቤት እየተመላለስኩ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጀመርኩ።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁላል ነው። ባዮሎጂ የሚያስተምሩን ሰው፣ ሁላችንም በደፈናው "ዶክተር" የምንላቸው፣ አንድ ቀን ጥሬ እንቁላል ይዘው ክፍል ገቡ።

"ይሄን ቅርፊት ማን ሠራው?"

"ዶሮዋ!" አልን በአንድ ድምፅ፤ ከኋላ ያሉት ሳቁ።

"በምን ሠራችው? ይሄ እኮ ድንጋይ ነው። ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ዶሮ እሳት የላትም፣ መዶሻ የላትም፣ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ድንጋይ ሠርታ ታድራለች።"

መልሱ ፕሮቲን ነበር። በዶሮዋ አካል ውስጥ ካልሲየም እንደ ልቡ ይዋኛል፤ ፕሮቲኖቹ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ፣ በየት አቅጣጫ እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚያቆም ያሳዩታል። አጥንታችንም ጥርሳችንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ዶክተር እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ተናገሩ፦ ዛሬ ሰው ተፈጥሮ ሠርታው የማታውቀውን ፕሮቲን በኮምፒውተር ነድፎ ማሠራት ይችላል፤ እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን የሚሞክሩ ጥቂት ተማሪዎች አሏቸው።

ክፍሉ ሲበተን ተከትያቸው ወጣሁ።

"ዶክተር፣ እኔም መምጣት እፈልጋለሁ።"

"የመጀመሪያ ዓመት አልቀበልም።"

"ወለሉንም ቢሆን እጠርጋለሁ።"

"ወለል የሚጠርግልን አለ።"

"ዕቃ አጥባለሁ።"

ቆም ብለው አዩኝ። "ዕቃ ማጠብ ከምርሽ ከሆነ፣ እሱን የሚወድ እስካሁን አላገኘንም።"

እንዲህ ሆኜ ገባሁ። የሥራው ኃላፊ ሦስተኛ ዲግሪዋን እዚያ የምትሠራ ሴት ነበረች። እኔ በልቤ "ታላቄ" ብያት ነበር፤ እዚህም እንዲሁ ልበላት። እሷ የምትጠራኝ "ፍሬሽ" እያለች ነው። የመጀመሪያው ትእዛዟ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ "ፍሬሽ፣ ሳሙና እንዳታስነኪ! ሳሙና ብርጭቆ ላይ ይቀራል፤ የቀረው ሳሙና ክሪስታሉን ያበላሽብናል። በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ በቃ።" እኔም ሳሙና የሚባል ነገር ወደ ክፍሉ እንዳይደርስ ዘብ ሆኜ ቆምኩ።

ከዕቃ ማጠቡ ጎን ለጎን ፕሮቲን መንደፍ ተማርኩ። ታላቄ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ስሳሳት "እህ" ብቻ እያለች። የነደፍኩት ፕሮቲን እንደ ወለል ንጣፍ ጠፍጣፋ ነው። በአንዱ ገጹ ላይ ካልሲየምን የሚስቡ ነጥቦች እኩል እየተራራቁ ተደርድረዋል፤ ርቀታቸውም በካልሳይት፣ ማለትም እንቁላል ቅርፊት በሚሠራበት ማዕድን ውስጥ፣ ካልሲየሞቹ ካላቸው ርቀት ጋር እንዲገጥም ተደርጓል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወንበሮቹን አስቀድመህ በረድፍ ከደረደርክ የሚመጣው ሰው በረድፍ ይቀመጣል። ዶክተር ከሁላችን ሥራ ጥቂቱን መርጠው ውጭ አገር አብሯቸው ለሚሠራ ቤተ ሙከራ ላኩ፤ የኔም አንዱ ሆነ።

"እንዳትኮሪ" አሉኝ። "የመረጥኩት ቀላል ስለሆነ ነው።"

ኮራሁ እንጂ።

ፕሮቲኖቹ ተሠርተው በየካቲት መጡ። የኔ ከትንሿ ጣቴ ጫፍ በማትበልጥ ባለክዳን ፕላስቲክ ውስጥ ነበረ፤ ሲያዩት ውሃ ነው። ዶክተር የዚያን ቀን ሁላችንንም ሰብስበው ደንቡን ነገሩን።

"ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የማን ፕሮቲን ክሪስታል እንደሚመራ እናያለን። የመራለት ይቀጥላል። ያልመራለት ቦታውን ይለቃል፤ መግባት የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ ይሄው ነው። ድጋሚ ፕሮቲን አይመጣም፤ የያዛችሁትን አብቃቁ።"

እኔ ከዚያ ክፍል መውጣት አልፈለግሁም። ይህን ያህል የፈለግሁት ሌላ ነገር አላስታውስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሚካ የሚባል እንደ ሽንኩርት እየተላጠ የሚሄድ ማዕድን አለ። አንድ ስስ ሽፋን ይላጥና በላዩ ፕሮቲኑ ይንጠባጠባል፤ ፕሮቲኑም ሚካው ላይ ይተኛል። ከዚያ ሚካው ካልሲየም በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይገባና ሽታው አፍንጫ ከሚሰነጥቅ ነጭ ዱቄት ጋር ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ያድራል። ከዱቄቱ የሚወጣው ጋዝ ውሃው ውስጥ ሲገባ ክሪስታል ይበቅላል። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፕሮቲን ከሌለበት የሚበቅለው ጎኑ የተጣመመ ትንንሽ ሳጥን ነው፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ ገበያ ላይ እንደተዘረገፈ ካርቶን።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። የኔን ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ልንሞክር በተነሳንበት ቀን የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ አልደረሰም። ንጥር ውሃ የምናወጣበት ማሽን ደግሞ ያለ ቧንቧ ውሃ አይሠራም። ታላቄ "ጎረቤት ሕንጻ ሂጂና ለምኚ፤ ዕቃ ይዘሽ ሂጂ" አለችኝ። ከመታጠቢያው ሥር ባዶ ሃይላንድ ተከምሯል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሃይላንድ የሚጥል ሰው የለም፤ ቤተ ሙከራችንም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ንጹሕ የመሰለኝን መረጥኩ፣ እዚያ በሰጡኝ ንጥር ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት፣ ሳሙና አላስነካሁትም፣ ሞልቼ መጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት በማይክሮስኮፑ ያየሁት ሳጥን አልነበረም። ክብ ነው። እንደ ጨሌ የተንከባለሉ ትንንሽ ኳሶች ሚካውን ሞልተውታል።

ታላቄ ጮኸች። ዶክተር ከቢሯቸው ሮጠው መጡ፣ አዩ፣ በስልካቸው ፎቶ አነሱ፣ እንደገና አዩ። "እኛ የጠበቅነው መስመር ነበር፤ ይሄ ክብ ነው። ግን ፕሮቲኑ አንድ ነገር አድርጓል!" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ወደ ወትሮው ተመለሰ። "ለማንም እንዳትናገሩ። በዚያው ውሃ፣ በዚያው ቀን፣ አንዱን ከፕሮቲን ጋር፣ አንዱን ያለ ፕሮቲን ድገሙት።"

ደገምነው። በማግስቱ ታላቄ ቀድማ አየች፤ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ጠራችኝ።

"ፍሬሽ፣ ፕሮቲኑን የትኛው ላይ ነው የጨመርሽው?"

"የግራው ላይ።"

"ይሄ የትኛው ነው?"

"የቀኙ። እሱ ምንም የለበትም።"

"ምንም የለበትም አትበይኝ። አንድ ነገርማ አለበት።"

አየሁ። ባዶው ላይም ኳስ ነበር። እንዲያውም የባዶው ኳስ ያምራል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አንድ በአንድ እየቀየርን ፈለግን። ሚካውን ቀየርን፤ ኳስ። የካልሲየሙን ጨው ቀየርን፤ ኳስ። የሚያድርበትን ሳጥን ቀየርን፤ ኳስ። ውሃውን ስንቀይር ክሪስታሎቹ እንደ ድሮአቸው የተጣመመ ሳጥን ሆነው ተመለሱ። ታላቄ ያን ሃይላንድ አንስታ በመቀስ ለሁለት ቀደደችውና ጣቷን በውስጡ አሳለፈች። ጣቷ ተንሸራተተ። ቂጡ ላይ ባለው ጎድጓዳ መሃል አንዲት ግማሽ ቡናማ ፍሬ ተጣብቃ ነበር።

"ተልባ" አለች።

የሚጾሙት ሁሉ ጾማቸውን ሲፈቱ የሚጠጡትን ከቤታቸው በሃይላንድ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ባዶውንም አለቅልቀው እዚያው ከመታጠቢያው ሥር ይከምሩታል። የተልባ ዝልግልግ ደግሞ በሳሙና ተፈትጎ ካልሆነ በውሃ ብቻ ለቆ አይሄድም። በዓይን አይታይም እንጂ ለክሪስታሉ ይበቃዋል።

"የማነው ሃይላንዱ?" አለች ታላቄ።

"እኔን አትዪኝ" አለ ከኔ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ የሦስተኛ ዓመት ልጅ። "እኔ የምጠጣው ሱፍ ነው።"

"ሱፍ ከሆነ የምትጠጣው፣ ትናንት ከኔ ላይ ነጥቀህ የጨረስከው ምን ነበር?" አለው ሌላ ተማሪ።

"እሱ ምርመራ ነው። ለሳይንስ ብዬ።"

ሳቅ ሆነ። ልጁ ወደኔ ዞረ። የኛ ቤት የወንጌል አማኝ ቤት መሆኑን ያውቃል። "አንቺ ጴንጤ፣ ሁዳዴን ብትሸሺው ላቦራቶሪ ድረስ መጣልሽ አይደል!"

እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ትንሿ ፕላስቲክ ላይ ነበር። ኳሱን ስናሳድድ ብዙውን አፍስሰነዋል።

ዶክተር ወደ ብርሃን አንስተው አዩዋት። "ለአንድ ጊዜ ይበቃ ይሆናል" አሉ። ከዚያ በጣም በለስላሳ ድምፅ፣ ሰው ሊያሰናብት ሲል በሚያወጣው ድምፅ፣ "ከፈለግሽ እዚህ ላይ አቁሚ። ለመጀመሪያ ዓመት ይሄም ብዙ ነው። ስትበስዪ፣ አራተኛ ዓመት ላይ፣ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።"

እኔ መምህር የነገረኝን ሁሉ "እሺ" የምል ልጅ ነኝ። እሺ ማለት ያስደስተኛል። ያን ቀን ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ።

"አይ፣ ዶክተር። ልጨርሰው።"

"በምኑ?"

"በቀረው። ግን አሁን አልነካውም። መጀመሪያ ባዶውን፣ ፕሮቲን የሌለበትን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጌ ማብቀል አለብኝ። እሱን ሳልችል ያንን ከነካሁ እንደገና የማላውቀውን ነገር ነው የማየው።"

ዶክተር ታላቄን አዩዋት፣ ታላቄ ጣሪያውን አየች። "ሰኔ አይቀየርም" ብለውኝ ወጡ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥራዬ ባዶ ማብቀል ሆነ። ሃይላንዶቹን ሁሉ ከክፍሉ አስወጣሁ፤ ልጁ "ንብረታችን!" እያለ በር ድረስ ሸኛቸው። ለንጥር ውሃው ብቻ የሚሆኑ የብርጭቆ ጠርሙሶች ለየሁ። ሳሙናን በተመለከተ ከታላቄ ጋር ተከራከርኩ፤ በመጨረሻ መጀመሪያ በሳሙና ተፈትጎ፣ ከዚያ ሽታውም ስሜቱም እስኪጠፋ እንዲለቀለቅ ተስማማን። ክርክር ያሸነፍኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የውሃ ፈረቃ የሚደርስባቸውን ቀናት እየጠበቅሁ ማለዳ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ገና ሳይነሳ፣ ማሽኑን አስነስቼ ለቀጣዩ ጊዜ የሚሆነውን አጠራቅም ነበር። ባዶ አበቅላለሁ፣ አያለሁ፣ እደፋለሁ። አንዳንድ ቀን ክሪስታሎቹ ይተልቃሉ፣ አንዳንድ ቀን ያንሳሉ። ለምን? ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መሆኑ ገባኝ፤ የሚያድሩበትን ሳጥን ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ ወሰድኩት። ጋዙ እንዲወጣ ዱቄቱ ያለበት ዕቃ ክዳን ላይ የምወጋው ቀዳዳ አንዴ ሰፊ፣ አንዴ ጠባብ ሆኖ ነበር፤ አንድ ክዳን ብቻ መጠቀም ጀመርኩ።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ጋቢና አስቀምጦኝ ነበር የሚወስደኝ።

"ዛሬስ ምን ልትሠሪ ነው?"

"ባዶውን።"

"ትናንትስ?"

"ባዶውን።"

"እኔ ባዶ መኪና ይዤ ፒያሳ ስመላለስ ብውል እናትሽ ምን ትለኛለች?"

"ትፈታሃለች!" አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱ እንኳ "ፒያሳ ፒያሳ" ማለቱን አቁሞ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ዳገቱን ሲጨርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያቺ የቀረችው ግን አለች አይደል? አልተበላሸችም?" አለኝ።

"አለች፣ አባዬ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት።"

ማቀዝቀዣውም ቢሆን የሚታመን አልነበረም። በግንቦት አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ የሰፈሩ መብራት እንደጠፋ ሰማሁ። ለእናቴ "መጣሁ" ብዬ ከነእሑድ ልብሴ ግቢ ድረስ ሄድኩ። ታላቄ ቀድማኝ ደርሳ የሁሉንም ፕሮቲን በረዶ በሞላ ሳጥን ውስጥ ደርድራለች፤ የኔን መሃል ላይ አድርጋታለች። "ከምኑ ነው የሮጥሽው፣ ፍሬሽ? እኔ የለሁም?" አለችኝ። መብራቱ እስኪመጣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ግንቦት እያለቀ የሦስተኛ ዓመቱ ልጅ ፕሮቲን ምንም እንደማይመራ ታወቀ። በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ሞክሮታል፤ የሱ ክሪስታል ከባዶው አይለይም። ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ሲወጣ "እኔም እንዳንቺ ተልባ ባገኝ አንድ ሰሞን እንኳ እደሰት ነበር" አለኝ። ቀልዱ አላሳቀኝም። ከኔ የሚበልጥ ተማሪ ነበር፤ ጥንቃቄም አላነሰውም። ጎበዝ መሆን ብቻ እንደማያድን ያን ቀን አየሁ፤ ፕሮቲኑ ካልሠራ አልሠራም። የኔም ላይሠራ ይችላል። ልቤ ያኔ ነው በእውነት የፈራው። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደ ልማዴ ባዶውን አየሁ፤ ከባለፈው ጋር አንድ ነበር፣ ከዚያ በፊት ካለውም ጋር አንድ። ዝግጁ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ኳሶቹን ባየንበት ጠዋት ሁላችንም ደስ ያለን ደስ እንዲለን ስለፈለግን ነው። ዶክተር የኔ ፕሮቲን ያለበት የትኛው እንደሆነ እያወቁ ካዩ፣ እኔን ላለማሳዘን ሲሉ ወይም ስለጓጉ ብቻ መስመር ሊያዩ ይችላሉ። እኔማ በእርግጠኝነት አያለሁ። ስለዚህ ታላቄን ለመንኳት፦ የቀረችውን ፕሮቲን ለሁለት ከፍለሽ፣ ከብዙ ሚካዎች መሃል በመረጥሻቸው ሁለት ላይ አንጠብጥቢ፤ በሌሎቹ ላይ ፕሮቲን የሌለበትን ያንኑ ፈሳሽ አድርጊ፤ ለማናችንም አትንገሪን።

"ለሁለት ከተከፈለች እኮ ሁለቱም ላይ ላትበቃ ትችላለች" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ቢከሽፍ ሌላ የለም።"

"አውቃለሁ። በአንድ ብቻ ብናየው ግን በአጋጣሚ ነው ይባላል። እኔም ራሴ እላለሁ።"

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ታላቄ ነጠላዋን እንዳደረገች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። እኔን ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ዘጋች። ያዘጋጀሁት ውሃ፣ ያጠብኩት ዕቃ፣ የታወቀው ክዳን ሁሉ በቦታው ነበር። ስትጨርስ "ሚካዎቹን ከጀርባቸው ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ካላገላበጡ አይታይም" አለችኝ። ሳጥኑን አብረን ዘጋነው።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጡ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ፊቴን አይተው እንዳይገምቱ ብዬ እንጂ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም። ማይክሮስኮፑ ክሪስታልን በጥቁር መደብ ላይ እንደ መብራት የሚያበራ ማጣሪያ አለው፤ ሚካው የሚቀመጥበት መድረክ ሲዞር እያንዳንዱ ክሪስታል ተራውን ጠብቆ ይጠፋል፣ ተመልሶም ይበራል። በየአቅጣጫው የበቀሉት አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ባንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ከሆኑ ግን አብረው ይጠፋሉ፣ አብረው ይበራሉ።

ዶክተር አንዱን ሚካ አስቀምጠው አዞሩ፤ ወደ ቀኝ አኖሩት። ሌላውን አዞሩ፤ ወደ ቀኝ። ሌላውን፤ ወደ ቀኝ። የሚቀጥለውን ሲያዞሩ እጃቸው ቆመ። መልሰው አዞሩት። እንደገና አዞሩት። ወደ ግራ አኖሩት። የቀሩትንም እንዲሁ አዩ። በመጨረሻ ከግራቸው ሁለት ሚካ ነበር።

"እነዚህ ናቸው" አሉ። "ሁሉም አልተሰለፈም፤ ጠርዙ ላይ ያለው የተበታተነ ነው። መሃሉ ግን አብሮ ይጠፋል፣ አብሮ ይበራል። ትክክል ነኝ?"

ታላቄ መጣችና ሁለቱን በወረንጦ ገለበጠቻቸው። በሁለቱም ጀርባ ጥግ ላይ በመርፌ የተጫረ ትንሽ መስመር ነበር። የቀሩትን አንድ በአንድ ገለበጠች፤ ጀርባቸው ባዶ ነው።

"ነዎት" አለች።

ዶክተር ተነስተው መቀመጫውን ለቀቁልኝ። "ነይ እዪ እንጂ፤ ያንቺ ነው።" ተቀምጬ መድረኩን አዞርኩ። ክሪስታሎቹ አብረው ጠፉ። ትንሽ ሳዞር አብረው በሩ። ዓይኔን ሳላነሳ ደጋግሜ አዞርኩት፤ ከኋላዬ ዶክተር ለታላቄ ሲናገሩ እሰማለሁ፦ "በመስከረም ለፍሬሽ ጠረጴዛ አዘጋጂላት። ዕቃ ማጠቡንም እንዳትተው ንገሪያት።"

"እሺ፣ ዶክተር" አልኩ እኔው ራሴ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.።